ያልተጻፈው ግምት፦ ከአሪያን 5 እስከ ፓሪስ ሜትሮ

የሶፍትዌር ምህንድስናን ታሪክ ስናስተምር የውድቀትን ምክንያት ከኮዱ ውስጥ መፈለግ ይቀናናል። ዛሬ ግን ከኮዱ አስቀድሞ ስለሚጻፈው ሰነድ፣ ስለ መስፈርት፣ ልናገር እወዳለሁ።

እ.ኤ.አ. ጁን 4 ቀን 1996 ከፈረንሳይ ጉያና የተተኮሰችው አሪያን 5 ሮኬት 40 ሰከንድ ያህል እንደ ተጓዘች ከመስመሯ ወጥታ ፈነዳች፤ የጫነቻቸው አራት የምርምር ሳተላይቶችም ጠፉ። የእንቅስቃሴ መለኪያዋ ሶፍትዌር ከአሪያን 4 የተወረሰ ነበር። የአዲሷ ሮኬት አግድም ፍጥነት ከቀዳሚዋ እጅግ የላቀ በመሆኑ፣ ከዚሁ ጋር የተያያዘ አንድ ቁጥር ለ16 ቢት ቦታ በዛበት። ይባስ ብሎ ስሌቱ ሮኬቷ ከተነሣች በኋላ ለአሪያን 5 አንዳች ጥቅም አልነበረውም።

መርማሪው ቦርድ እንዳረጋገጠው፣ የመሣሪያው መስፈርት የአሪያን 5ን የበረራ መስመር መረጃ አላካተተም። ፕሮግራሙ በሌላ ሮኬት ልክ የተሰፋ ልብስ ነበር።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1998፣ በፓሪስ ያለ ሾፌር የሚሄደው የሜትሮ መስመር 14 ሥራ ጀመረ። የደኅንነት ሶፍትዌሩ የተሠራው ዣን-ሬሞን አብሪያል በነደፈው «ቢ» በተሰኘው ዘዴ ነው። በዚህ ዘዴ ሥርዓቱ ምንጊዜም ሊጠብቀው የሚገባው ሁኔታ በሒሳብ ቋንቋ ይጻፋል፤ ይህ ሞዴል ደረጃ በደረጃ ወደ ኮድ ሲቀርብም እያንዳንዱ ደረጃ ከቀደመው ጋር መስማማቱ በማስረጃ ይረጋገጣል። 86,000 ያህል የአዳ ቋንቋ መስመሮች በዚህ መንገድ ተገኙ።

እዚህ ላይ ከዘዴው ቀናዒ ደጋፊዎች በጥቂቱ እለያለሁ። የሒሳብ ማስረጃ ኮዱ ከሞዴሉ ጋር መስማማቱን ይመሰክራል፤ ሞዴሉ ከገሃዱ ዓለም ጋር መስማማቱን ግን ሰው ይመርምረው። የተሳሳተ ግምትም በሚገባ ሊረጋገጥ ይችላል።

በእኔ አመለካከት የሞዴሉ ትልቁ ውለታ፣ በመሐንዲሶች ልቡና ተሸሽጎ የኖረውን ግምት ሊነበብና ሊሞገት ወደሚችል ዓረፍተ ነገር መለወጡ ነው። «ፍጥነቱ ከዚህ ወሰን አያልፍም» የሚል አንድ መስመር በመስፈርቱ ቢሰፍር ኖሮ፣ «የየትኛዋ ሮኬት ፍጥነት?» ብሎ ለመጠየቅ በር ይከፈት ነበር።

ስለዚህ ተማሪዎቻችን ምልክቶቹን መጻፍ ሲማሩ፣ የጻፉትን ሥራውን ከሚያውቀው ሰው ጋር ተቀምጠው መስመር በመስመር ማንበብንም ይማሩ።