በበሽታ ዘመን ቤትን መጠበቅ፤ በኢየሩሳሌም የአረጋውያን አባቶች ኑሮ በ2012 ዓ.ም.

በኢየሩሳሌም በሚገኙ የኢትዮጵያ ገዳማት ታሪክ ውስጥ ተላላፊ በሽታ እንግዳ ነገር አይደለም። በ1830 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1838) ወደ ከተማይቱ የገባው ቸነፈር በዴር ሡልጣን ከነበሩት መነኮሳት አብዛኞቹን ፈጀ። ከዚህም የተነሣ የገዳሙ መክፈቻ በሌሎች እጅ ገባ፤ ለብዙ ዘመን ተጠብቀው የኖሩት የብራና መጻሕፍትም በሽታ ያስተላልፋሉ ተብለው በእሳት እንደ ተቃጠሉ ይተረካል። ወደ ጎልጎታ አደባባይ የሚያወርደው መተላለፊያ መክፈቻ ለኢትዮጵያውያን የተመለሰው በ1962 ዓ.ም. በትንሣኤ ሌሊት ነው። በቅዱሳት መካናት ዘንድ ሰው ያጣ ቤት ርስቱንም እንደሚያጣ ይህ ታሪክ ያስረዳል።

ኮሮና የተባለው ወረርሽኝ በደረሰ ጊዜ ይህ ትዝታ ከአባቶች ልብ አልጠፋም ነበር። መጋቢት 16 ቀን 2012 ዓ.ም. የጌታ መቃብር ቤተ ክርስቲያን በሮች ተዘጉ። በዚያው ዕለት የአገሩ መንግሥት ማንም ሰው ለአስፈላጊ ጉዳይ ካልሆነ በቀር ከመኖሪያው ከ100 ሜትር በላይ እንዳይርቅ አዘዘ። ዴር ሡልጣን በአሮጌው ከተማ በቅድስት ዕሌኒ ጸሎት ቤት ጣራ ላይ ሲሆን፥ ደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ደግሞ ከቅጥሩ ውጭ ስለ ሆነ፥ የሁለቱ ገዳማት መነኮሳት እንደ ወትሮው መገናኘት አልቻሉም።

ሸክሙ ይልቁንም የከበደው ብዙ ዘመን አገልግለው በእርጅና ምክንያት ከቅዳሴ ተራ ባረፉት አባቶች ላይ ነው። በሽታው አረጋውያንን አብዝቶ የሚጎዳ ስለ ሆነ፥ ለእነርሱ ከሰው መራቅ የሕይወት ጉዳይ ነበረ። ነገር ግን የሽማግሌ መነኩሴ ኑሮ በወንድሞች ላይ የተመሠረተ ነው፤ ክንዱን ይዞ ደረጃ የሚያወርደው፥ ውኃ የሚቀዳለት፥ ምግብ የሚያቀርብለት ወጣቱ ነውና። አሁን ግን ወጣቱ ምግቡን ከደጃፍ አኑሮ፥ ሁለት ሜትር ርቆ ጤናውን መጠየቅ ተገደደ። መስቀል መሳለምና እጅ መንሣት እንኳ ከሩቅ ሆነ። ከንስሐ ልጆችም ጋር መነጋገሪያው ስልክ ብቻ ነበረ።

ይሁን እንጂ ቀኑ ባዶ አልሆነም። እንደ ቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ለቅዳሴ ቢያንስ አምስት ልዑካን ያስፈልጋሉ፤ ለዳዊትና ለውዳሴ ማርያም ግን አንድ ሰው ይበቃል። ስለዚህ አረጋዊው አባት ሌሊት ተነሥቶ የዕለቱን መዝሙር ይደግማል፤ የዕለቱንም ውዳሴ ያደርሳል፤ መቁጠሪያውንም ይዞ 41 ጊዜ እግዚኦታ ያደርሳል። ጾሙ ዐቢይ ጾም ስለ ነበረ የስግደት ጊዜም ነው፤ ጕልበቱ የደከመውም በመቋሚያው ተደግፎ ይቆማል። ከአገልግሎት ተራ ያረፈ መነኩሴ ከጸሎት ጡረታ እንደሌለው ያን ጊዜ በግልጽ ታየ።

በየዓመቱ ለበዓለ ትንሣኤ ከኢትዮጵያ ይመጡ የነበሩ ተሳላሚዎች በዚያ ዓመት አልመጡም፤ የውጭ አገር ሰው ወደ አገሩ እንዳይገባ ተከልክሎ ነበርና። በሌላው ዓመት በቀዳም ሥዑር ሌሊት ሕዝቡ ጧፍ ይዞ የሚዞርበት የዕሌኒ ጸሎት ቤት ጕልላት ዙሪያ በዚያ ሌሊት ያ ሁሉ ሕዝብ አልታየበትም። ሚያዝያ 11 ቀን ትንሣኤ ሲከበር፥ ብዙ የደከሙ አባቶች የምሥራቹን የሰሙት ከጎጇቸው ደጃፍ ሆነው ነው።

የመቃብሩ ቤተ ክርስቲያን በር የተከፈተው ግንቦት 16 ቀን ነበረ፤ የተዘጋበትም የተከፈተበትም ቀን የኪዳነ ምሕረት ወርኃዊ መታሰቢያ መሆኑን አባቶች ሳያስተውሉ አላለፉም። መከራው ግን በዚህ አላበቃም። በመስከረምና በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. ዳግመኛ የመውጣትና የመግባት ክልከላ ታወጀ። በታኅሣሥ ወር በአገሩ ክትባት መሰጠት ሲጀመር፥ ዕድሜያቸው 60 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸው ቅድሚያ አገኙ።

ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚጽፈው ያነጹትንና የተከራከሩትን ነው። በ1830 ዓ.ም. ቤቱን ለጉዳት የዳረገው የሚጠብቀው ሰው ማለቁ ነበረ። እንግዲህ በ2012 ዓ.ም. በጠባብ ጎጆ ተወስነው፥ ራሳቸውንም ወንድሞቻቸውንም ከበሽታ እየጠበቁ፥ ሰዓታቸውን ያላጓደሉ አረጋውያን ሥራ ፈትተው ተቀመጡ ሊባል አይገባም። በጎጇቸው መቀመጣቸው ራሱ ርስት መጠበቅ ነበረና።