የሶዶ ቢሮዎች ጸሐፊዎች

ዳግማዊ ምኒልክ በ1887 ዓ.ም. ወላይታን ወግተው ንጉሥ ጦናን ሲማርኩ፣ ዘመቻውን በዜና መዋዕል የመዘገቡት ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ ነበሩ። ስማቸው እስከ ዛሬ ይጠራል። ከዚያ ወዲህ የወላይታን ጉዳይ በደብዳቤ፣ በቃለ ጉባኤና በመዝገብ ሲያስኬዱ የኖሩት የሶዶ ጸሐፊዎች ግን በታሪክ መጻሕፍት ቦታ አላገኙም። ይህ ትልቅ ጉድለት ነው እላለሁ።

በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ወላይታ በሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ሥር ያለ አውራጃ፣ ሶዶም መቀመጫው ነበረች። የባለጉዳይ ማመልከቻ መዝገብ ቤት ገብቶ ቁጥርና ቀን ይይዛል፤ አለቃው ይመሩበታል፤ ጸሐፊዋ መልሱን ትተይባለች፤ ተፈርሞ፣ ቲተርና ማኅተም አርፎበት ወጪ ይሆናል።

የአማርኛ የጽሕፈት መኪና በመፈልሰፍ የሚታወቁት ኢንጂነር አያና ብሩ ናቸው፤ ኋላ በየቢሮው ኦሊቬቲ ገባ። ከ200 በላይ የሆነው ፊደላችን በአንድ ገበታ አይበቃምና፣ ጸሐፊዋ መነሻውን ፊደል መትታ ካዕብ ወይም ሣልስ የሚያደርገውን ቅጥያ ለብቻው ትጨምርበታለች። ከሥር በካርቦን የተደረደሩ ግልባጮች አሉ፤ አንዲት ግድፈት በሁሉም ላይ መታረም አለባት። ለዚህ ሙያ ሰው ካሠለጠኑት ትምህርት ቤቶች ቀዳሚው በ1935 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተከፈተው ኮሜርስ ነው።

በ1962 ዓ.ም. በዓለም ባንክ ድጋፍ ዋዱ፣ ማለትም የወላይታ እርሻ ልማት ድርጅት፣ ሲቋቋም ደግሞ ሶዶ ከቀድሞው የሰፋ የጽሕፈት ሥራ መጣባት። ድርጅቱ ለገበሬው ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በብድር ይሰጥ፣ በአበላና በበሌ ቆላማ ቦታዎችም ሰዎችን ያሰፍር ነበር። ብድር ሁሉ ስም፣ መጠንና የመክፈያ ጊዜ ይዞ ማኅደር ውስጥ መግባት አለበት። ገበሬው የሚናገረው ወላይትኛ፣ የአውራጃው ደብዳቤ አማርኛ፣ ለባንኩ የሚላከው ሪፖርት እንግሊዝኛ ነው። ወላይትኛ በአማርኛ ፊደል የማይገኝለት ድምፅ ስላለው የሰው ስም መጻፍ እንኳ ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ ስም ከተዛባ የአንዱ ዕዳ በሌላው ላይ ሊያርፍ ይችላል። የዋዱ ታሪክ በኩንታልና በሄክታር ብቻ መነገሩ ቅር ያሰኘኛል፤ ያን ኩንታል ከባለቤቱ ስም ጋር ያገናኘው ጸሐፊ ነውና።

በ1980 ዓ.ም. በወጣው አከላለል ወላይታ ወደ ሰሜን ኦሞ ተጠቃለለ፤ የበላይ ውሳኔ የሚጠይቅ ወረቀት 120 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ መቀመጫው አርባ ምንጭ ይደርስ ነበር። በ1992 ዓ.ም. ወላይትኛን ከጋሞ፣ ከጎፋና ከዳውሮ ቋንቋዎች ጋር ቀላቅለው «ወጋጎዳ» በሚል ስም በተዘጋጁት መማሪያ መጻሕፍት የተነሣው ተቃውሞ አገር ካናወጠ በኋላ፣ በ1993 ዓ.ም. ወላይታ ራሱን የቻለ ዞን ሆነ። እንዲህ ያለው ለውጥ ለጸሐፊ ብዙ ሌሊት የሚያስመሽ ሥራ ነው፦ አዲስ ማኅተም፣ አዲስ የደብዳቤ አርማ፣ የሠራተኞች የግል ማኅደር ርክክብ፣ ከ001 የሚጀምር ወጪ መዝገብ። አንድ ማኅደር በርክክቡ ቢጠፋ፣ መምህሩ ጡረታ ሲወጣ የአገልግሎት ዘመኑን የሚያስረዳለት ወረቀት አያገኝም።

በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ወላይታ ሶዶ የፖለቲካና የአስተዳደር ማዕከሉ ሆነች። የክልሉ ቢሮዎች ግን በስድስት ከተሞች ስለተደለደሉ፣ ዛሬ የሶዶ ጸሐፊ ከዲላም፣ ከጂንካም፣ ከሳውላም ጋር ትጻጻፋለች። መሣሪያዋ ኮምፒውተር ሆኗል፤ ግልባጩ፣ ቲተሩና መዝገብ ቤቱ ግን አሉ። የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ የአውራጃውንና የዋዱን ዘመን የሚያስታውሱ ጡረተኛ ጸሐፊዎችን ፈልጎ ቃላቸውን ቢቀዳ፣ የዞኑን ታሪክ ለሚጽፍ ሰው ከየትኛውም ሪፖርት የማይገኝ ምንጭ ያቆይለታል።