አብዛኛው ሕዝብ የደገፈው ሕግ ለምን አይጸድቅም? የአሜሪካ ኢሚግሬሽን ማሻሻያና የሕዝብ አስተያየት

“አብዛኛው አሜሪካዊ ወረቀት ለሌላቸው ስደተኞች ዜግነት ቢሰጥ ይደግፋል” የሚል ዜና በወጣ ቁጥር ኢንቦክሳችን በአንድ ጥያቄ ይሞላል፦ “ታዲያ ሕጉ መቼ ነው የሚወጣው?” ዲቪ የሞላውም፣ እህቱ እዚያ ወረቀት አጥታ የምትሠራበትም፣ ደላላ “አዲስ ሕግ ወጥቷል፣ ቶሎ ክፈል” ያለውም ይጠይቃል። ስለዚህ ነገሩን አንድ ቦታ ሰብስበን እናስቀምጥላችሁ። ሴቭ አድርጉት። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አጭሩ መልስ ይሄ ነው፦ በሕዝብ አስተያየት ጥናት (ፖል በሚባለው) ብዙ ድጋፍ ማግኘትና በኮንግረስ ሕግ ሆኖ መውጣት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ፖሉ የጠየቀው ምንድነው?

ጋሎፕ የሚባለው ድርጅት ስለ ስደተኞች አንድን ጥያቄ መጠየቅ የጀመረው በ1965 ነው። ጥያቄው ቀላል ነው፦ የስደተኛ ቁጥር ይቀንስ፣ ይጨምር ወይስ ባለበት ይቆይ? ያኔ ይጨምር ያሉት 7 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በዚያው ዓመት ግን ፕሬዝዳንት ጆንሰን ለእስያና ለአፍሪካ በሩን የከፈተውን ሕግ ፈረሙ። ሕዝብ ሳይጠይቅም ሕግ ይወጣል ማለት ነው። ሕዝብ ጠይቆ የቀረበትን ደግሞ ወረድ ብለን እናያለን።

በፖል ውስጥ ወሳኙ የጥያቄው አቀራረብ ነው። በ2024 ጋሎፕ “በሕገወጥ መንገድ የሚኖሩ ሁሉ ይባረሩ?” ብሎ ሲጠይቅ 47 ከመቶው ደገፈ። በዚያው ጥናት “መስፈርት ካሟሉ ቀስ በቀስ ዜግነት የሚያገኙበት ዕድል ይሰጣቸው?” ሲባል 70 ከመቶው ደገፈ። ደምሩት፣ 117 ይመጣል። ስሌቱ አልተሳሳተም። ሁለቱንም የደገፉ ሰዎች አሉ ማለት ነው። አንዱ ፔጅ 47ቱን ይዞ “አሜሪካ ሁሉንም ልታባርር ነው” ይላል፣ ሌላው 70ውን ይዞ “ዜግነት ሊሰጥ ነው” ይላል። ሁለቱም ቁጥሩን አልዋሹም፣ ግን ሁለቱም ግማሹን ነው የነገሯችሁ።

2013፦ ያለቀ የመሰለበት ዓመት

በኤፕሪል 2013 አራት ዴሞክራትና አራት ሪፐብሊካን ሴናተሮች አንድ ረቂቅ ይዘው መጡ። ከስምንቱ መካከል ጆን ማኬይን፣ ቻክ ሹመርና ዛሬ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የሆኑት ማርኮ ሩቢዮ ነበሩ። በወቅቱ ወደ 11 ሚሊዮን የሚጠጉ ወረቀት የሌላቸው ሰዎች አሜሪካ ውስጥ እንዳሉ ይገመት ነበር። በረቂቁ መሠረት እነዚህ ሰዎች ቅጣትና ግብር ከፍለው፣ የወንጀል ምርመራ አልፈው በጊዜያዊ ፈቃድ 10 ዓመት ይቆያሉ። ከዚያ ግሪን ካርድ ይጠይቃሉ፣ ከ3 ዓመት በኋላ ደግሞ ዜግነት። በድምሩ 13 ዓመት! በሌላ በኩል ድንበሩን የሚጠብቀው ኃይል ቁጥር እጥፍ ገደማ እንዲሆን በረቂቁ ተጨምሮ ነበር።

ሕዝቡስ? ጋሎፕ በዚያ ዓመት መስፈርቶቹን ዘርዝሮ ሲጠይቅ ከ10 ሰው ከ8 በላይ የዜግነቱን መንገድ ደገፈ። ድንበር ይጠበቅ የሚለውም እንዲሁ ከ10 ከ8 በላይ አገኘ። በጁን 27፣ 2013 ሴኔቱ ረቂቁን 68 ለ32 አሳለፈው፤ 14 ሪፐብሊካኖችም ድምፅ ሰጡለት።

ሕግ ለመሆን ግን ሌላኛው ቤት፣ የተወካዮች ምክር ቤት፣ ማጽደቅ ነበረበት። እዚያ ምን እንደሚቀርብ የሚወስኑት አፈ ጉባኤው ናቸው። ጆን ቤይነር የሴኔቱን ረቂቅ ለድምፅ አላቀርብም አሉ። ምክንያቱም ከራሳቸው ፓርቲ አባላት አብዛኛው ካልደገፈው አላቀርብም የሚል አቋም ነበራቸው። ምክር ቤቱ በሙሉ ድምፅ ቢሰጥ ኖሮ ያልፍ ነበር ወይ የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አለ። ድምፁ ግን ጭራሽ አልተሰጠም።

ከዚያ ጁን 2014 መጣ። የሪፐብሊካኖቹ ቁጥር ሁለት ሰው ኤሪክ ካንተር በቨርጂኒያ በፓርቲያቸው የውስጥ ምርጫ ብዙም በማይታወቅ የኮሌጅ መምህር ተሸነፉ። ተቃዋሚያቸው ዴቭ ብራት “ካንተር ለሕገወጦች ምሕረት ሊሰጥ ነው” እያለ ነበር የቀሰቀሰው። በዚያ ምርጫ ድምፅ የሰጠው ሰው ስንት ነበር? 65,000 አካባቢ! ሽንፈቱ ሌላም ምክንያት ነበረው ይባላል፣ ነገር ግን ሌሎቹ ተወካዮች የገባቸው አንድ ነገር ነው፦ ይህን ሕግ የነካ ወንበሩን ያጣል። ረቂቁ በጃንዋሪ 2015 የኮንግረሱ ዘመን ሲያልቅ አብሮ ሞተ።

ፖል የማያሳየው ይህንን ነው። ከመቶ 80 ሰው “እደግፋለሁ” ሲል ብዙው ለስልክ ጠያቂው የመለሰው ነው እንጂ በዚህ ጉዳይ ብሎ ድምፁን አይቀይርም። ተቃዋሚው ቁጥሩ ቢያንስም ይደውላል፣ ይሰለፋል፣ በውስጥ ምርጫ ይወጣል። በጁን 2007 የቡሽ ዘመን ረቂቅ ለወሳኝ ድምፅ ሲቀርብ የደዋዩ ብዛት የሴኔቱን ስልክ አጨናንቆት ነበር። ያም ረቂቅ 60 ድምፅ ሲፈለግ 46 ብቻ አግኝቶ ወደቀ።

ዲቪውስ?

ብዙ ሰው የማያውቀው እዚህ ጋ ነው። ያ ሁሉ ሰው ያጨበጨበለት የ2013 ረቂቅ ዲቪን ይሰርዝ ነበር! በዲቪ ፋንታ የነጥብ አሠራር ሊመጣ ነበር፦ ለትምህርት፣ ለሥራ ልምድ፣ ለእንግሊዝኛ ነጥብ ይሰጣል። ዲቪ የሚጠይቀው 12ኛ ክፍል መጨረስ ወይም የሁለት ዓመት የሙያ ልምድ ነው። በነጥብ ፉክክር ከማስተርስ ባለቤት ጋር አንድ መስመር ላይ መቆም ግን ሌላ ነገር ነው። ኢትዮጵያ ደግሞ ለብዙ ዓመታት ከአፍሪካ ብዙ የዲቪ ዕድል ካገኙት አገራት አንዷ ናት።

በ2017 ትራምፕ የደገፉት ረቂቅም፣ በፌብሩዋሪ 2018 በሴኔት 39 ለ60 የወደቀውም ዲቪን ለማስቀረት ነበር። ስለዚህ “የኢሚግሬሽን ማሻሻያ” የሚለውን ስትሰሙ “ለማን?” ብላችሁ ጠይቁ። እዚያ ላለው ዘመዳችሁ በር የሚከፍተው ሕግ እዚህ ላላችሁት ሊዘጋ ይችላል።

የሕዝቡ ስሜት ሲገለባበጥ

በ2020 ጋሎፕ መጠየቅ ከጀመረ ለመጀመሪያ ጊዜ “ይጨምር” ያለው (34 ከመቶ) “ይቀንስ” ካለው (28 ከመቶ) በለጠ። በዲሴምበር 2023 በደቡቡ ድንበር በአንድ ወር ብቻ ወደ 250,000 ጊዜ ሰው ተያዘ። በ2024 “ይቀንስ” ባዩ 55 ከመቶ ደረሰ፣ ከ2001 ወዲህ ከፍተኛው። በ2025 አጋማሽ ደግሞ በድንበሩ የሚያዘው በወር ከ10,000 በታች ሲወርድ፣ የማባረሩ ዘመቻም ከተማ ውስጥ ሲገባ፣ “ይቀንስ” ባዩ ወደ 30 ከመቶ ወረደ። ስደት ለአገር ጥሩ ነው ያለው 79 ከመቶ ሆነ፣ በጋሎፕ ታሪክ ትልቁ ቁጥር። በእኛ እይታ ሕዝቡ የሚመልሰው ለረቂቅ ሕግ ሳይሆን በቴሌቪዥን ለሚያየው ነው። ስለዚህ የ2024ን ፖል ዛሬ ሼር የሚያደርግ ሰው የጠፋ ስሜት ነው የሚያሳያችሁ።

ሕዝቡ በጣም በተቆጣበት ጊዜም ቢሆን ሕግ አልወጣም። በፌብሩዋሪ 2024 የሁለቱ ፓርቲ ሴናተሮች ጥብቅ የድንበር ረቂቅ አቀረቡ። የድንበር ጠባቂዎቹ ማኅበር ሳይቀር ደገፈው። ያኔ ተፎካካሪ የነበሩት ትራምፕ ተቃወሙት፣ 49 ድምፅ ብቻ አግኝቶ ቀረ።

“አዲስ ሕግ ወጣ” ሲሏችሁ

በጁላይ 2025 ሪፐብሊካኗ ማሪያ ኤልቪራ ሳላዛርና ዴሞክራቷ ቬሮኒካ ኤስኮባር “የክብር ሕግ” የሚሉትን ረቂቅ አቅርበዋል። ከ2021 በፊት ለገቡ፣ 7,000 ዶላር በጊዜ ብዛት ለሚከፍሉ፣ የመኖርና የመሥራት ፈቃድ ይሰጣል፤ ዜግነት ግን አይሰጥም። ቲክቶክ ላይ “ጸደቀ” እየተባለ ቢዞርም፣ መቅረብ ማለት መጽደቅ አይደለም። ረቂቅ በኮሚቴ ያልፋል፣ በሁለቱም ቤት በአንድ ዓይነት ጽሑፍ ይጸድቃል፣ ፕሬዝዳንቱ ይፈርማሉ። አብዛኛው ኮሚቴ ላይ ነው የሚቀረው። ኮንግረስ ዶት ጎቭ ላይ የረቂቁን ስም ጻፉ፣ የት ደረጃ እንዳለ በነፃ ያሳያችኋል። እዚያ “ሕግ ሆኗል” ሳይል ፎርም ልሙላላችሁ ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ደላላ የሚሞላው ፎርም የለም።

የሚያልፈው ደግሞ ብዙ ጊዜ በሌላ በር ነው። በጁላይ 4፣ 2025 የተፈረመው ትልቁ የበጀት ሕግ 60 ድምፅ አላስፈለገውም። ሴኔቱ 51 ለ50 አሳለፈው። ለስደተኛ ማቆያ ብቻ 45 ቢሊዮን ዶላር መድቧል። በውስጡ እኛን በቀጥታ የሚነካም አለ፦ ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ ከአሜሪካ ወደ ውጭ በጥሬ ገንዘብ ወይም በመኒ ኦርደር በሚላክ ሐዋላ ላይ 1 ከመቶ ታክስ። መጀመሪያ 5 ከመቶ ነበር የታሰበው። ከአሜሪካ ባንክ አካውንት ወይም እዚያ በወጣ ዴቢት ካርድ ለሚልክ ታክሱ አይመለከተውም፤ እዚያ ላለው ዘመዳችሁ ይህን ፖስት ላኩለት።