መንጋው ተከተበ፣ እረኛውስ?

ከአዋሽ ሰባት ኪሎ እስከ ሰመራ ክትባት ሲባል ሰው ሁሉ የሚያስበው ሕፃን ነው። ይህ አስተሳሰብ ግን የቅርብ ጊዜ ልማድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 የፈንጣጣ ማጥፊያ ዘመቻ በኢትዮጵያ ሲጀመር በዚያ ዓመት ብቻ ከ26,000 በላይ ሕሙማን ተመዘገቡ፤ ከታቢዎቹም በሽተኛ በተገኘበት ሁሉ ሽማግሌና ሕፃን ሳይለዩ ከተቡ። በዓለም በተፈጥሮ መንገድ በፈንጣጣ የተያዘው የመጨረሻው ሰው እንኳ ጎልማሳ ነበር፤ በ1977 በሶማሊያዋ መርካ የታመመው የሆስፒታል ምግብ አብሳይ ዐሊ ማው ማሊን። በ1980 መደበኛው የክትባት ፕሮግራም በአገራችን ሲጀመር ግን ትኩረቱ ሕፃናትና እናቶች ላይ ሆነ። ጎልማሳው ወንድ የሚታወሰው እንደ ኮቪድ ያለ ወረርሽኝ ሲመጣ ነው። የማጅራት ገትር ክትባት ዘመቻም ዕድሜያቸው ከ29 ዓመት ያለፉትን አላካተተም።

ጎልማሳው ለምን አይከተብም ሲባል የሚሰጠውን «አርብቶ አደር አንድ ቦታ አይገኝም» የሚለውን መልስ የአፋር የራሱ ታሪክ ያፈርሰዋል። በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ የአገሪቱን ከብት የፈጀው የደስታ በሽታ ለረጅም ጊዜ ከመሸገባቸው ቦታዎች አንዱ ይህ በረሃ ነበር። በ1994 ሙቀት የሚቋቋም ክትባት ተይዞ፣ ከአርብቶ አደሩ መካከል የተመለመሉና የሠለጠኑ ሰዎች መንጋውን እየተከተሉ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ከብቶችን ከተቡ። ከ1995 በኋላ በሽታው በኢትዮጵያ አልታየም፤ በ2011 ደግሞ ከምድር መጥፋቱ ታወጀ። መንጋውን ተከትሎ መድረስ ከተቻለ፣ መንጋውን የሚነዳው ሰው እንዴት አይደረስበትም?

እርግጥ ለከብቱ አንድ መርፌ ይበቃዋል፤ ሰው ደግሞ ለአንዳንድ በሽታዎች ደጋግሞ መከተብ አለበት። ክርክሩን ይበልጥ የሚያጠብቀውም ይኸው ነው። መንጋጋ ቆልፍ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ከአፈርና ከፋንድያ በቁስል በኩል ይገባል። ስለዚህ የጎረቤት መከተብ እረኛውን አያድነውም፤ በልጅነት የተወሰደው መከላከያም ከዘመን ጋር ይደክማል። «በልጅነቱ ተከትቧል» ማለትም በአፋር ብዙ አያስኬድም፤ በ2016 የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረታዊ ክትባቶችን ሁሉ ያገኙት የአንድ ዓመት ልጆች በአገር ደረጃ 39 በመቶ ሲሆኑ በክልሉ 15 በመቶ ብቻ ነበሩ። እነዚያ ያልተከተቡ ልጆች ነገ ጎልማሶች ናቸው፤ በጅቡቲ መንገድ መኪና የሚነዱት፣ በከብት ገበያ የሚውሉት እነሱ ናቸው። የአዋሽና የሰመራ ጤና ጣቢያዎች ለጎልማሳ ወንዶችም መደበኛ የክትባት መዝገብ ይክፈቱ፤ ከታቢዎቹንም ወደ ገበያውና ወደ ውኃ ነጥቡ ይላኩ።