የውስኪዋ አሳማ ምስክርነት

ለመሆኑ ርዝመቷ ከስንዝር እምብዛም የማይበልጥ የሸክላ አሳማ ስለ አንድ አገር ታሪክ ምን ልትነግረን ትችላለች? እኛ ብዙ እንላለን። ቅድመ ሁኔታው ግን አንድ ነው፤ አሳማዋ ፎርጅድ መሆን የለባትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮርንዎል እና ዋላስ ኪርክፓትሪክ የተባሉ ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1859 በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት፣ አና በምትባል ትንሽ ከተማ የሸክላ ሥራ ድርጅት አቋቋሙ። ድርጅቱ እስከ 1896 ዘልቋል። የዕለት እንጀራቸው ማሰሮና ገንቦ ነበር። ስማቸውን ያስጠራው ግን በአሳማ ቅርጽ የሠሩት የውስኪ ኮዳ ነው። ውስኪው የሚወጣው ከአሳማዋ ኋላ በኩል ነው፤ ጠጪው አፉን የት እንደሚያሳርፍ አንባቢ ይገምት! ቀልዱ በዚህ አያበቃም። በብዙዎቹ አሳማዎች ገላ ላይ የባቡር መስመሮችና የወንዞች ካርታ ተጭሯል፤ ቺካጎ፣ ሴንት ሉዊስ፣ ሲንሲናቲ፣ ካይሮ (የግብጿ ሳትሆን የኢሊኖይዋ)።

ይህ ተራ ጌጥ አይደለም። የዚያ አካባቢ ገበሬ በቆሎውን እንዳለ ጭኖ ሩቅ ገበያ ማድረስ ብዙም አያዋጣውም ነበር። ስለዚህ ወይ ለአሳማ ያበላዋል፣ ወይ ውስኪ ይወጣበታል፤ ከዚያ በወንዝና በባቡር ይጓዛል። በቆሎ፣ አሳማ፣ ውስኪ፣ ባቡር፤ የአንድ ሸለቆ ኢኮኖሚ በአንዲት ኮዳ! ሲንሲናቲማ ከአሳማ እርዷ ብዛት የተነሳ «ፖርኮፖሊስ» (የአሳማ ከተማ) እስከመባል ደርሳ ነበር። እነዚሁ ወንድማማቾች እባብ የተጠማዘዘባቸው ገንቦዎችም ሠርተዋል፤ አጥኚዎች እነዚህን የመጠጥን ጥፋት የሚያሳዩ አድርገው ያነቧቸዋል። የውስኪ ዕቃ እየሠሩ በውስኪ መሳለቅ ማለት ይኼ ነው።

ዛሬ እንዲህ ያለች አሳማ በጨረታ በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ታወጣለች። ገንዘብ ባለበት ደግሞ አስመሳይ አይጠፋም። ታዲያ ሰብሳቢው እውነተኛዋን በምን ይለያት?

አንደኛ፣ በጭረቱ። ሸክላው ገና እርጥብ ሳለ የተጫረ መስመር ጠርዙ ለስለስ ይላል፤ ሹሉ ጫፍ የገፋው ጭቃ ከዳር ከዳር ከፍ ብሎ ይታያል፤ ግሌዙም (የሚያብለጨልጨው ሽፋን) መስመሩ ውስጥ ገብቶ ይተኛል። ከተተኮሰ በኋላ የተቀረጸ ግን ግሌዙን ሰብሮ ያልፋል፤ ጠርዙም ይሸራረፋል። ይህን ለማየት አንድ አጉሊ መነጽር ይበቃል።

ሁለተኛ፣ በመጠኗ። ሸክላ ሲደርቅና ሲተኮስ ይኮማተራል። ስለዚህ ከእውነተኛዋ ላይ ቅርጽ ተወስዶ የተሠራች ቅጂ ከእናቷ ታንሳለች፤ መልኳም ደብዘዝ ይላል።

ሦስተኛ፣ በእርጅናዋ። ከ100 ዓመት በላይ ስትነሳ ስትቀመጥ የኖረች ዕቃ የምትፋቀው ጠረጴዛ በሚነካት፣ እጅ በሚይዛት ቦታ ነው። እድፏ በመላ አካሏ እኩል ከሆነ መጠርጠር ነው። በአልትራቫዮሌት መብራት ስትታይ ደግሞ የኋላ ዘመን ማጣበቂያና ቀለም ብዙ ጊዜ ከሸክላው ተለይቶ ያበራል።

አራተኛው ለእኛ ከሁሉም ይጥመናል፤ ካርታው ራሱ ነው። የተጻፈባት ዓመት 1870 ሆኖ ከዚያ በኋላ የተዘረጋ ሐዲድ ከታየባት፣ አሳማዋ ራሷን አጋለጠች ማለት ነው።

አንድ ማሳሰቢያ እንጨምር። ሌሎች ሸክላ ሠሪዎችም የአሳማ ኮዳ ሠርተዋል። አሮጌ ሁሉ የአና አይደለም፤ የሻጭ ቃልም ማስረጃ አይደለም።

ከቅጂ ይልቅ የሚያስፈራን ግን ግማሽ እውነት ነው። ገላዋ የእውነት አሮጌ፣ ጽሑፏ ግን ትናንት የተቀረጸ አሳማ ብትገጥመንስ? ሸክላው እውነቱን ሲናገር ጽሑፉ ይዋሻል፤ ዋጋውን የሚሰቅለው ደግሞ ጽሑፉ ነው። ገዢው የሚከስረው ገንዘቡን ነው። ታሪክ ጸሐፊው ግን በሐሰት ምስክር ላይ ተመሥርቶ ይጽፋል፣ ሌላው ያንን ይጠቅሳል፣ ሦስተኛው ያስተምረዋል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። እንዲጠራ ግን አጉሊ መነጽሩን የሚያነሳ ሰው ያስፈልጋል።