የእንቁልጢ ካንሰር፦ ምርመራና ሕክምና

የእንቁልጢ (ኦቫሪ) ካንሰር በእንቁልጢ ወይም በአቅራቢያዋ ባለው የማህፀን ቱቦ የሚነሳ አደገኛ ዕጢ ነው። ይበልጥ የሚታየው ካረጡ በኋላ ባሉ ሴቶች ላይ ነው። በዘር የሚወረስ የቢአርሲኤ 1 እና 2 ጂኖች ለውጥ ተጋላጭነትን ይጨምራል።

ምርመራ፦ የሆድ መነፋት፣ ቶሎ መጥገብ፣ የታችኛው ሆድ ሕመምና ቶሎ ቶሎ መሽናት ዋና ምልክቶቹ ናቸው። ከጨጓራና ከአንጀት ሕመም ጋር ስለሚመሳሰሉ በሽታው ብዙ ጊዜ የሚደረስበት ከተሰራጨ በኋላ ነው። ሐኪሞች በብልት በኩል በሚደረግ አልትራሳውንድ፣ በሲቲ ስካንና ሲኤ 125 የተባለውን ፕሮቲን በሚለካ የደም ምርመራ ይጠቀማሉ። ይህ ፕሮቲን በወር አበባ ወቅትም ሊጨምር ስለሚችል ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም፤ የመጨረሻው ብያኔ የሚሰጠው በናሙና (ባዮፕሲ) ነው። ከ200,000 በላይ ሴቶች የተሳተፉበትና ውጤቱ በ2021 እ.ኤ.አ. የታተመው የብሪታንያ ጥናት፣ ምልክት የሌላቸውን ሴቶች በጅምላ መመርመር በበሽታው የሚሞቱትን ቁጥር እንደማይቀንስ አሳይቷል።

ሕክምና፦ በሽታው በአራት ደረጃዎች ይከፈላል። የሕክምናው መሠረት የሚታየውን ዕጢ ሁሉ ለማስወገድ የሚደረግ ቀዶ ሕክምና ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ ካርቦፕላቲንና ፓክሊታክሰል የተባሉ የኬሞቴራፒ መድኃኒቶች ይከተሉታል። ዕጢው በሰፊው ከተሰራጨ ኬሞቴራፒው ሊቀድም ይችላል። የቢአርሲኤ ጂን ለውጥ ላለባቸው ታካሚዎች እንደ ኦላፓሪብ ያሉ እንክብሎች የበሽታውን ማገርሸት ያዘገያሉ። መውለድ የምትፈልግ ሴት ካንሰሩ በአንድ እንቁልጢ ብቻ ከተወሰነ፣ ማህፀኗና ሌላኛዋ እንቁልጢ ሊተዉላት ይችላሉ።