ካትሪን ሐምሊን
ዶክተር ካትሪን ሐምሊን (ጃንዋሪ 24 ቀን 1924 – ማርች 18 ቀን 2020 እ.ኤ.አ.) በሲድኒ፣ አውስትራሊያ የተወለዱ የማህፀንና ጽንስ ሐኪም ነበሩ። በ1959 ከባለቤታቸው ከዶክተር ሬጂናልድ ሐምሊንና ከትንሽ ልጃቸው ከሪቻርድ ጋር አዲስ አበባ የገቡት በልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል የአዋላጆች ትምህርት ቤት ለማቋቋም ለሦስት ዓመት ተዋውለው ነበር፤ ውሉ ቢያልቅም እዚያው ቀሩ። በተራዘመ ምጥ ፊስቱላ የሚይዛቸው ሴቶች ሽንታቸውን መቆጣጠር ተስኗቸው ብዙ ጊዜ ከቤተሰብ ይገለሉ ነበር። ባልና ሚስቱ ሕክምናውን አጥንተው በ1974 ለዚሁ ብቻ የሚያገለግል ሆስፒታል መሠረቱ። ታካሚ ሆነው የመጡት ማሚቱ ጋሼ ሳይቀሩ ከእነርሱ ተምረው ቀዶ ጥገና መሥራት ጀመሩ። ሬጂናልድ በ1993 ሲያርፉ ካትሪን ሥራውን ቀጠሉ፤ በ2007 የአዋላጆች ኮሌጅ ከፈቱ። በ96 ዓመታቸው አዲስ አበባ በሚገኘው ቤታቸው አረፉ።